የልብ ክዳኖችን ድምፅ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ፦ በደሴና በዙሪያዋ ለሚሠራ ጀማሪ ባለሙያ

ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ለባለቤቱ ግርማ ይሰጣል። ከአንገት ወርዶ ደረት ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም፤ እሱም በሹራብ ላይ። በዚህ ፍጥነት ልብ መምታቱ ይታወቅ ይሆናል፤ ክዳኖቹ እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ግን አይታወቅም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በሐይቅና በኩታበር አካባቢ ባሉ ጤና ተቋማት ሥራ ለጀመሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች ነው። የሕክምና ተማሪም ሊጠቀምበት ይችላል። ስለ ራሱ ልብ የተጨነቀ አንባቢ ግን ስቴቶስኮፕ ገዝቶ ራሱን ከሚመረምር ወደ ባለሙያ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የታመመ ክዳን ድምፅ በራሱ መጥቶ ጆሮ አይገባም፤ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። በተለይ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሚትራል ክዳን መጥበብ፣ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ በሰፊው የመሣሪያው ፊት ብቻ ከተዳመጠ ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። የሚከተሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ ይህን ድምፅ ከተደበቀበት ለማውጣት የታሰቡ ናቸው።

የሚሰማው ምንድን ነው?

ልብ አራት ክዳኖች አሉት። ሚትራልና ትራይከስፒድ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ይገኛሉ። ኦርቲክና ፑልሞናሪ ደግሞ ደም ከልብ በሚወጣባቸው ትልልቅ ቧንቧዎች በር ላይ ናቸው። ጤነኛ ክዳን ሲከፈት አይሰማም፤ የሚሰማው ሲዘጋ ነው። ሚትራልና ትራይከስፒድ ሲዘጉ አንደኛው ድምፅ ይሰማል፤ ኦርቲክና ፑልሞናሪ ሲዘጉ ሁለተኛው። ተማሪ ቤት «ሉብ - ደብ» እየተባለ የሚሸመደደው ይኸው ነው።

ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ ልብ የሚጨመቅበት ነው፤ ሲስቶል ይባላል። ከሁለተኛው እስከ ቀጣዩ አንደኛ ያለው ደግሞ ልብ የሚሞላበት ዲያስቶል ነው። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ መጨመቂያው 0.3 ሰከንድ ገደማ፣ መሙያው 0.5 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ክፍተት አጭር፣ አንዱ ረጅም ሆኖ ይሰማል። ምቱ ከ100 ሲያልፍ ግን ረጅሙ እያጠረ ይሄድና ሁለቱን በጆሮ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

አሁን ትንሽ ማሰብ ብዙ ሽምደዳ ያስቀራል። ልብ በሚጨመቅበት ጊዜ ሚትራል መዘጋት፣ ኦርቲክ መከፈት አለባቸው። በዚህ ጊዜ የመንፋት ዓይነት ተጨማሪ ድምፅ ከተሰማ (በሙያው ማርመር የምንለው)፣ ወይ መዘጋት የነበረበት ሚትራል ያፈስሳል፣ ወይ መከፈት የነበረበት ኦርቲክ ጠብቧል። በመሙያው ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፦ ወይ ሚትራል ጠብቧል፣ ወይ ኦርቲክ ያፈስሳል። በቀኝ የልብ ክፍል ላሉት ትራይከስፒድና ፑልሞናሪም ሕጉ ያው ነው። ይህን የያዘ ሰው ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ክዳኖቹን በወጣትነት የሚያበላሸው በአብዛኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሲሆን በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ልጁ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር እብጠት ይይዘዋል፤ ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጠባሳው ግን ክዳኑ ላይ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሕመሙ የያዛት ልጅ አድጋ ስታረግዝ፣ የደሟ መጠን ሲጨምር፣ ትንፋሽ ማጠሩ ያኔ ይጀምራል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ክፍል ያለ ስቴቶስኮፕ ሥራው ከደም ግፊት መለካት ያለፈ መሆን አለበት።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ደሴ ጸጥታ የምታበዛ ከተማ አይደለችም። ከመንገድ ዳር ያለ ክፍል ውስጥ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ዳገቱን የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ በአገልግሎት ሰዓት የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ አለ። መስኮቱን ይዝጉ፣ በሩን ይዝጉ፣ አስታማሚዎች ለሁለት ደቂቃ እንዳያወሩ በትሕትና ይጠይቁ። ዝናቡ ወይም አዛኑ ከበረታ እስኪያልፍ ሌላ ሥራ ይሥሩ፤ ደም ግፊት ይለኩ፣ ታሪክ ይጠይቁ። በጫጫታ ውስጥ «ልቡ ደህና ነው» ብሎ ከመጻፍ ያልተዳመጠ ነው ብሎ መተው የታማኝ ሰው ሥራ ነው።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

የጆሮ መሰኪያዎቹ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ያዘነበሉ ሆነው ይግቡ። የጆሮ ቀዳዳ ወደዚያ ያዘነበለ ስለሆነ በተቃራኒው ከተሰኩ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል። በጣት ጫፍ ሰፊውን ፊት ነካ ያድርጉ፤ ካልተሰማ ማዞሪያው ወደ ሌላው ጎን ዞሯል ማለት ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ እንዳይሆን ይዩ። በባዶ አንገት ላይ ዘወትር ሲንጠለጠል የቆዳ ወዝ ያደርቀዋል፤ ለጌጥ ማንጠልጠል የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ሰፊው ፊት ዲያፍራም፣ ትንሹና ጎድጓዳው ቤል ይባላል። ዲያፍራም ጫን ተደርጎ ይያዛል፤ ቀጭን፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል። ቤል ቆዳውን ዙሪያውን ለመንካት ያህል ብቻ ይቀመጣል፤ ወፍራምና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። ቤልን ከተጫኑት የተወጠረው ቆዳ ራሱ ዲያፍራም ይሆናል፣ የሚፈለገው ዝቅተኛ ድምፅም ይጠፋል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች አንድ ፊት ብቻ አላቸው፤ ሲላላ እንደ ቤል፣ ሲጠብቅ እንደ ዲያፍራም ይሠራሉ። ውድ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። ጥሩ ጎማና በልክ የሆነ የጆሮ መሰኪያ ያለው ርካሽ ስቴቶስኮፕ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በጫጫታ ውስጥ ካለ ሊትማን ከተባለው ውድ ስቴቶስኮፕ ይበልጣል።

ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲያልፉ በአልኮል ይጥረጉት። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ ጠዋት የብረት ነገር በረዶ ስለሚሆን በመዳፍ ያሙቁት። የሚንቀጠቀጥ ደረት የጡንቻ ድምፅ ያወጣል፤ ማሞቁ ከርኅራኄም በላይ ለሥራው ያስፈልጋል።

ታካሚውን ማዘጋጀት

ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይረፍ። ጫት ቅሞ ወይም ቡና ደጋግሞ ጠጥቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሁለቱም ምቱን ያፋጥኑታል።

ቀጥሎ የልብስ ጉዳይ ይመጣል። ጋቢ፣ ካፖርት፣ ሹራብ፣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ። በልብስ ላይ ማዳመጥ አይቻልም፤ ጨርቁ ሲፈተግ የሚያወጣው ድምፅ ማርመርን ይመስላል። ይህ ማለት ግን ሰውን ማራቆት አይደለም። ስቴቶስኮፕ ራሱ የተወለደው ከእፍረት ነው፦ በ1816 ፓሪስ ውስጥ ረኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የአንዲት ወጣት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ስለከበደው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ ድምፁ ከተለመደው ይልቅ ጠርቶ ተሰማው። ወሎ ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ መጋረጃውን ይሳቡ። ታካሚዋ ሴት ከሆነች ሴት ባልደረባ ወይም የምታምናት አስታማሚ አጠገቧ ትቁም። «እናቴ፣ ልብዎን ላዳምጥ ነው፤ ከሥር በኩል እጄን ላስገባ ይፍቀዱልኝ» ብሎ መጠየቅ፣ ስትፈራም «አብሽሩ» ማለት ብዙ ይረዳል። ነጠላውን ወይም ሂጃቡን ሳያወልቁ የመሣሪያውን ፊት ከሥር አስገብቶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የግራ ጡት የልብን ጫፍ ከሸፈነ እርሷው ከፍ አድርጋ እንድትይዘው ይጠይቁ። ክታብ ወይም ማተብ ከመሣሪያው ጋር እየተጋጨ ካስቸገረ ወደ ጀርባ እንዲያዞሩት ይለምኑ እንጂ አይፍቱት።

እርስዎ በታካሚው ቀኝ ይቁሙ። ታካሚው በጀርባው፣ ከወገብ በላይ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ይተኛ።

መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ጆሮ

ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ተነሥተው የደረትን አጥንት ወደ ታች ይዳብሱ። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወርዱ ጉብ ያለ መስመር ያገኛሉ። ከዚያ ወደ ጎን የሚሄደው ሁለተኛው የጎን አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ክፍተት ይባላል። ሌላውን ሁሉ ከዚህ ወደ ታች ይቁጠሩ። በግምት የሚሄድ ሰው በወፍራም ታካሚ ላይ ሁልጊዜ ይስታል።

ከዚያ መዳፍዎን በግራ ደረት ላይ ያሳርፉ፣ ቀጥለው በጣት ጫፍ የልብን ጫፍ ምት ይፈልጉ። በጤነኛ አዋቂ አምስተኛው ክፍተት ላይ፣ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት መሐል ቁልቁል በሚሰመር መስመር ላይ ይገኛል። ወደ ብብት ከሸሸ ልቡ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። በግራ ምንም ሳይገኝ ቀርቶ በቀኝ ከተገኘ ደግሞ ልባቸው በቀኝ የሆኑ ሰዎች እንዳሉ ያስታውሱ። መዳፍ ሥር ንዝረት ከተሰማ ማርመሩ በጣም ጎላ ያለ መሆኑ ገና ሳይዳመጥ ይታወቃል።

አንደኛውን ከሁለተኛው መለየት

ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ማርመር ፍለጋ ይቸኩላል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ግን በመጨመቂያው ይሁን በመሙያው አያውቅም። የጊዜውን ቦታ ያላወቀ ሰው የሰማው ድምፅ ጥቅም የለውም።

መሣሪያውን ደረት ላይ እንዳደረጉ የግራ እጅዎን ሁለት ጣቶች በአንገት በአንድ ጎን ባለው የደም ሥር ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉ። በሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይጫኑ፤ ታካሚው ራሱን ሊስት ይችላል። ከጣትዎ ምት ጋር አብሮ የሚመጣው ድምፅ አንደኛው ነው። የእጅ አንጓ ምት ዘግይቶ ስለሚደርስ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ ጆሮዎን በተራ ያሠልጥኑ። ለጥቂት ምቶች አንደኛውን ድምፅ ብቻ ያዳምጡ፤ ሌላው ሁሉ እንደሌለ ይቁጠሩት። ከፍ ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ? ቀጥለው ሁለተኛውን ብቻ። ቀጥለው አጭሩን ክፍተት ብቻ፦ ጸጥ ያለ ነው? በመጨረሻ ረጅሙን ክፍተት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመስማት የሚሞክር ጆሮ ምንም አይሰማም። በልብ ጫፍ አካባቢ አንደኛው፣ ከላይ በሁለተኛው ክፍተት አካባቢ ሁለተኛው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። በግራ ሁለተኛው ክፍተት ላይ፣ በተለይ በወጣቶች፣ ታካሚው አየር ሲስብ ሁለተኛው ድምፅ ለሁለት ተከፍሎ ሲያስወጣ ይገጥማል። ይህ ጤነኛ ነው። ሲያስወጣም ካልገጠመ ግን ይመዝግቡት።

አንደኛው ድምፅ በልብ ጫፍ ላይ ከልማዱ በላይ ጮኾ ከተሰማ ጆሮዎን ያቁሙ። የጠበበ ሚትራል የመጀመሪያ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ማርመሩ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

አምስቱ ቦታዎች

ከላይ ይጀምሩ ወይም ከታች፣ ዋናው ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መሄድ ነው። በቀኝ ሁለተኛው ክፍተት የኦርቲክ፣ በግራ ሁለተኛው የፑልሞናሪ ቦታ ነው። በግራ ሦስተኛው ክፍተት ኤርብ የሚባለው ነጥብ አለ፤ የኦርቲክ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚህ ነው። በግራ በደረት አጥንቱ ታችኛ ጠርዝ፣ አራተኛውና አምስተኛው ክፍተት ላይ ትራይከስፒድ፤ በልብ ጫፍ ላይ ሚትራል። ቦታዎቹ ክዳኖቹ የተቀመጡባቸው ሳይሆኑ ድምፃቸው ጎልቶ የሚደርስባቸው ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ አይዝለሉ፤ መሣሪያውን በትንሽ በትንሹ ያንሸራትቱ። በእያንዳንዱ ቦታ በዲያፍራም ካዳመጡ በኋላ፣ በልብ ጫፍና በደረት አጥንቱ ታችኛ ጠርዝ ላይ በቤል ይድገሙ።

የትንፋሽ ድምፅ ካስቸገረ አየር አስወጥቶ ለጥቂት ሰከንድ እንዲይዘው ይጠይቁ። «ትንፋሽ ያዝ» ብሎ መርሳት ግን ጭካኔ ነው። እርስዎም አብረው ይያዙ፤ ሲጨንቅዎ ለእሱም ጨንቆታል።

የማይቀሩ ሁለት አቀማመጦች

የመጀመሪያው ለሚትራል መጥበብ ነው። ታካሚው ወደ ግራ ጎኑ ይዙር፤ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል። የልብን ጫፍ በጣት ዳግም ይፈልጉ፣ ምክንያቱም ቦታው ተንቀሳቅሷል። ቤልን በትክክል እዚያው ላይ፣ ሳይጫኑ፣ ያሳርፉ። ረጅሙን ክፍተት ብቻ ያዳምጡ። የሚፈለገው ድምፅ ዝቅ ያለ፣ የሚንጎራጎር ነው፤ ሌሊት ከሐረጎ ዳገት ከሩቅ እንደሚሰማ የጭነት መኪና። መጀመሪያ ላይ ከመስማት ይልቅ መጠርጠር ይቀላል። ካልወጣ ታካሚው አራት አምስት ጊዜ ያስል ወይም ቁጭ ብድግ ይበል፣ ወዲያው ወደ ግራ ዞሮ ይዳመጥ፤ ምቱ ሲፈጥን በጠበበው ክዳን የሚያልፈው ደም ጨምሮ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይጎላል። አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ድምፅ ጥቂት ቆይቶ፣ ከጉርጉሩ ቀድሞ፣ ቀጭን «ጠቅ» ይሰማል፤ የደነደነው ክዳን ሲከፈት የሚያወጣው ነው፣ በዲያፍራም ይበልጥ ይጠራል። ቤልን ሁለት ሴንቲ ሜትር ካንሸራተቱት ጉርጉሩ ሊጠፋ ስለሚችል ትዕግሥት ያስፈልጋል። በዚህ መመሪያ ውስጥ አንዱን እርምጃ ብቻ የሚለማመድ ሰው ካለ ይህን ይለማመድ።

ሁለተኛው ለኦርቲክ ማፍሰስ ነው። ታካሚው ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ወደ ፊት ይደፋ፣ አየር ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ ይያዝ። ዲያፍራሙን ጠንከር አድርገው በግራ ሦስተኛው ክፍተት ላይ ይጫኑ። ድምፁ ከሁለተኛው ድምፅ ጋር ተያይዞ ይጀምርና እየቀነሰ ይጠፋል፤ ቀጭንና እንደ ትንፋሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የታካሚው ትንፋሽ መስሎት ያልፈዋል። ትንፋሽ ማስያዝ ለዚህም ይጠቅማል።

የተሰማውን መለየት

ሚትራል ሲያፈስስ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ሳይቋረጥ የሚነፋ ድምፅ በልብ ጫፍ ይሰማል፤ መሣሪያውን ወደ ብብት ቢወስዱት ይከተልዎታል። ኦርቲክ ሲጠብብ በቀኝ ሁለተኛው ክፍተት ሻካራ፣ መሐል ላይ ጎልቶ የሚቀንስ ድምፅ አለ፤ ወደ አንገት ይወጣል። ትራይከስፒድ ሲያፈስስ ድምፁ ታካሚው አየር ሲስብ ይጨምራል፤ ከሚትራል የሚለየው አንዱ ይህ ነው።

የድምፁ ከፍታ ከ1 እስከ 6 ይመዘናል፦ 1 በጸጥታ ተፈልጎ የሚገኝ፣ 2 ዝቅ ያለ ግን ወዲያው የሚሰማ፣ 3 ጎላ ያለ፣ 4 ከንዝረት ጋር፣ 5 የመሣሪያው ጠርዝ ብቻ ቆዳ ነክቶ የሚሰማ፣ 6 መሣሪያው ከቆዳ ለቆ እንኳ የሚሰማ። ነገር ግን ጮኸ ማለት ከበደ ማለት አይደለም። ኦርቲክ እጅግ ጠብቦ ልብ ሲደክም ድምፁ ሊደበዝዝ ይችላል። የሚትራል መጥበብ ክብደትም የሚገመተው በጉርጉሩ ርዝመት እንጂ በጩኸቱ አይደለም።

ማርመር ሁሉ በሽታ አይደለም። በልጆች፣ በነፍሰ ጡሮች፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ባለባቸው ሰዎች ደሙ ስለሚፈጥን ለስላሳና አጭር ድምፅ በመጨመቂያው ጊዜ ሊሰማ ይችላል፤ ታካሚው ሲቀመጥ ወይም ሲቆም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በመሙያው ጊዜ የሚሰማ ማርመር ግን በማንም ላይ ይሁን እንደ ጤነኛ አይቆጠርም። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ያስፈልገዋል።

ከሕመም ውጭ የሚያሳስቱ ድምፆችም አሉ። የደረት ፀጉር ሲፈተግ የሳንባ ድምፅ ይመስላል፤ በውኃ ማርጠብ ይበቃል። የራስዎ ጣት በጎማው ላይ ከተንቀሳቀሰም ያሳስታል።

መጻፍና መላክ

«ማርመር አለ» ብሎ መጻፍ ለተቀባዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም። ጊዜውን፣ ጎልቶ የተሰማበትን ቦታ፣ የሄደበትን አቅጣጫ፣ ደረጃውን፣ የታካሚውን አቀማመጥና የተጠቀሙበትን የመሣሪያ ፊት ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «በመሙያው መሐል፣ በልብ ጫፍ፣ የማይሄድ፣ ደረጃ 2፣ ወደ ግራ ጎን ተኝታ በቤል፤ አንደኛው ድምፅ ጎልቷል።» ይህን ያነበበ ሰው ኢኮ ከመሠራቱ በፊት ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። የሰሙትን እንጂ መስማት ይገባኝ ነበር ያሉትን አይጻፉ።

ማርመር ያለበት ሰው ያለ ትራስ መተኛት ካቃተው፣ ራሱን ከሳተ፣ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ካለው ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። በመሙያው ጊዜ ማርመር የተሰማባት ነፍሰ ጡርም ምልክት ባይኖራትም እስክትወልድ አትቆይ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች እስከ አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እስካለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ድረስ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወላጆች ስንቅና የሚያርፉበት ቦታ እንዲያስቡበት አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢኮ ከተረጋገጠ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይታዘዛል። ከመወጋቱ በፊት የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት ይጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ቀን በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉ፣ በመጣ ቁጥርም ወደ ግራ ጎኑ አስተኝተው በቤል እንደገና ያዳምጡት።